ጭንቅላት ያለው ሁሉ አይጽፍም

በእኛ በገለጉ «ጭንቅላት ያለው ልጅ» የሚባለው ሒሳብ የሚችለው ነው። ሰሊጥ ነጋዴው ሚዛን አጠገብ ቆሞ የኩንታሉን ዋጋ አባዝቶ፣ አባቱ የተበደረውን ቀንሶ፣ ማስያ ሳይነካ መልሱን የሚናገር ልጅ ካለ ከተማው በሙሉ ያውቀዋል። ጥሩ የሚጽፍ ልጅ ግን ማን እንደሆነ ጎረቤቱም አያውቅም። እኔ ብዙ ዘመን አማርኛ አስተምሬአለሁ፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ጠረጴዛ ዘርግቼ ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ ራፖር ጸሐፊ የምትሉን ነን። ስለዚህ ሁለቱንም ዓይነት ልጆች በቅርብ አውቃቸዋለሁ። ወላጆች እየመጡ የሚጠይቁኝም ያው አንድ ነገር ነው፤ «መምህር፣ ይህ ልጅ ጭንቅላቱ ጥሩ ነው፤ ታዲያ ምነው ድርሰት ላይ እንዲህ ሰነፈ?»

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። ገለጉ የቋራ ወረዳ ከተማ ናት፤ ምዕራብ ጎንደር፣ ከሱዳን ድንበር ወዲህ፣ ለአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ ጎረቤት። ቆላ ነው፤ ሙቀቱ ጠመኔ ያስጥላል። የሚዘራው ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ነው። ሰሊጥ ሲደርስ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ከተማዋን ያጥለቀልቃል፤ የእኔ ክፍል ግን በዚያው ሰሞን ባዶ ይቀር ነበር፤ ልጆቹም አጨዳ ላይ ነበሩና። አማርኛ አፉን የፈታበት አለ፤ ጉሙዝኛ ተናግሮ አድጎ አማርኛን ትምህርት ቤት ያገኘ አለ፤ ገበያ ላይ ዐረብኛ የሚቀላቅልም አለ።

የወላጆቹን ጥያቄ በቁም ነገር የያዙት ፈረንጆቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1905 አልፍሬድ ቢኔ የሚባል ፈረንሳዊ ከባልደረባው ከቴዎዶር ሲሞን ጋር የመጀመሪያውን የአእምሮ መለኪያ ፈተና አዘጋጀ። ዓላማው ጎበዝ መምረጥ አልነበረም፤ በትምህርት ወደ ኋላ የቀሩትን ለይቶ ለመርዳት ነው። ፈተናው አሜሪካ ሲደርስ ሌላ ሥራ ተሰጠው። የስታንፎርዱ ሉዊስ ተርማን እ.ኤ.አ. በ1921 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ1,500 የሚበልጡ ከፍተኛ ውጤት ያመጡ ልጆችን መርጦ ኑሯቸውን እየተከታተለ መመዝገብ ጀመረ። ጥናቱ እርሱ ከሞተ በኋላም ቀጠለ። ልጆቹ አድገው ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ፕሮፌሰር ሆኑ፤ አብዛኞቹ ጥሩ ኑሮ ኖሩ። ከመካከላቸው ግን አንድ የኖቤል ተሸላሚ አልወጣም። የሚያስቀው ነገር፣ በዚያ ምርጫ ተፈትነው ውጤታቸው አልበቃም ተብለው የተጣሉ ሁለት ልጆች፣ ዊልያም ሾክሊና ሉዊስ አልቫሬዝ፣ ሁለቱም በፊዚክስ ኖቤል ወሰዱ።

ፈተናው ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። አማካዩ 100 ሆኖ በተሠራው መለኪያ 130ና ከዚያ በላይ የሚያመጣው ሰው ከመቶ ሁለት ያህል ነው፤ እንዲህ ያለው ልጅ አዲስ ነገር ቶሎ ይገባዋል፣ ያልታየ ዝምድና ቶሎ ያያል። ግን ያ ማለት ተሰጥኦ ማለት ነው ወይ? ጆሴፍ ሬንዙሊ የተባለ አሜሪካዊ የትምህርት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው ጽሑፍ ሦስት ነገር ሲገናኝ ነው ይላል፦ ከአማካይ ከፍ ያለ ችሎታ፣ የፈጠራ ዝንባሌ፣ የያዙትን ሥራ ሳይሰለቹ መጨረስ። እኔ ሦስተኛውን አንደኛ አደርገው ነበር። አስተማሪ ስለሆንኩ ይሆናል።

አሁን ወደ ድርሰቱ። አንድ ዓመት ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች እንዲህ የሚል ሥራ ሰጠሁ፤ «ሰሊጥ አይቶ ለማያውቅ የደጋ ሰው ሰሊጥ እንዴት እንደሚሰበሰብ ጻፉለት።» የክፍሉ አንደኛ፣ ያ በከተማው የታወቀው ልጅ፣ ሰሊጥ ሲደርስ እንደሚታጨድ፣ ሲደርቅ እንደሚራገፍ፣ ከዚያ እንደሚሸጥ በሦስት መስመር ጽፎ ደብተሩን ወረወረልኝ። ስሕተት የለበትም። አንዲት የጉሙዝ ልጅ ደግሞ አንድ ሙሉ ገጽ ሰጠችኝ። ፊደሉ ተሳስቷል፤ «ነው»ና «ናት» ተቀያይረዋል። የጻፈችው ግን ሌላ ነገር ነበር። የሰሊጡ ፍሬ ያለበት ቆብ ሲደርቅ ከጫፉ በኩል እንደሚከፈት፤ ስለዚህ ሁሉም እስኪደርቅ ከተጠበቀ ዘሩ ማሳው ላይ ረግፎ እንደሚቀር፤ ቀድሞ ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮ፣ አፉ ወደ ላይ እንዲሆን ተደጋግፎ መቆም እንዳለበት፤ ሲደርቅ ሸራ ዘርግተው ነዶውን ዘቅዝቀው እንደሚመቱት፤ ሲሸከሙት ያዘነበለ ሰው አለቃው እንደሚጮህበት። ያንን ያነበበ የደጋ ሰው ነገ መጥቶ ሊያጭድ ይችላል።

ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ለእርሱ ነገሩ ግልጽ ስለሆነ ለሌላውም ግልጽ መሰለው። ይህን በሙከራ ያሳየችው እ.ኤ.አ. በ1990 ኤሊዛቤት ኒውተን የምትባል ተመራማሪ ናት፤ እርስዋም ስታንፎርድ ነበረች። ሰዎችን ለሁለት ከፈለች። ግማሾቹ የታወቀ ዘፈን በልባቸው እያሉ ምቱን ብቻ በጣታቸው ጠረጴዛ ላይ ያንኳኳሉ፤ ሌሎቹ ሰምተው ዘፈኑን ይገምታሉ። አንኳኪዎቹ ግማሽ ያህሉ ይታወቃል ብለው ተነበዩ። ከ120 ዘፈን የታወቀው 3 ብቻ ሆነ። የሚያንኳኳው ሰው ዜማው ጆሮው ውስጥ አለ፤ የሚሰማው ሰው ጋ የሚደርሰው ኳ ኳ ብቻ ነው። በአእምሮው የፈጠነ ጸሐፊ ከሌላው ይልቅ ለዚህ በሽታ የተጋለጠ ይመስለኛል፤ ከሐሳብ ወደ ሐሳብ ሲዘል መካከል ያለው መወጣጫ ለእርሱ አያስፈልገውማ። ያቺ ልጅ ግን አማርኛውን ራሱን በጥንቃቄ የተማረችው ስለሆነ፣ ያልገባው ሰው ምን እንደሚመስል ከራስዋ ታውቃለች።

እኛ አገር ስለ ብሩህ አእምሮ ከተነሣ ቅኔ ቤትን ሳይጠሩ ማለፍ አይቻልም። እኔም ከዘመናዊ ትምህርት በፊት ጎጃም ቅኔ ቤት ቆይቻለሁ፤ ደበሎ ለብሼ፣ ቁራሽ ለምኜ፣ ውሻ በዱላ እየመከትኩ። የአእምሮ መለኪያ እንዴት ያለ እንደሆነ ያየሁት እዚያ ነው። ተማሪው መጀመሪያ የግእዙን ግስና አገባብ ያጠናል። ከዚያ ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እያደገ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይደርሳል። ቀን ከሰው ተለይቶ ጫካ ወይም ዋርካ ሥር ቁጭ ብሎ ቅኔ ይቆጥራል፤ ማለትም ቃሉን፣ ዜማውን፣ ቤት መምቻውን፣ ሰሙንና ወርቁን ሁሉ በጭንቅላቱ ያስማማል። ወረቀት የለም። ማታ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። የኔታም ያርማሉ፤ የሰባበሩበትን ይዞ ይመለሳል፤ ነገ ደግሞ አዲስ። የትናንቱን ቅኔ ማምጣት ነውር ነው፤ የሰው ማምጣት ከነውርም የባሰ ነው።

የሥነ ልቦና ሊቃውንት ሰው በአንድ ጊዜ አእምሮው ላይ ይዞ ሊያገላብጠው የሚችለው ጥቂት ነገር ብቻ ነው ይላሉ፤ ኔልሰን ኮዋን እ.ኤ.አ. በ2001 ቁጥሩን ወደ አራት አውርዶታል። የቅኔ ተማሪ ከዚያ በላይ ይሸከማል፤ የሚሸከመው ግን ግሱና ዜማው በልምምድ ብዛት ደመ ነፍስ ስለሆኑለት ነው። ጎጃም ጽላሎ ያስተምሩ የነበሩትን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን አስቡ። በልጅነታቸው ዓይናቸው ጠፋ፤ ከቅኔ መምህሩ አባታቸው በጆሮ ተምረው የወንዶች ነው በተባለው ጉባኤ ወንበር ዘርግተው ስንቱን ባለ ቅኔ አስመረቁ። ተሰጥኦ አልነበራቸውም የሚል የለም። ነገር ግን የመምህር ቤት መወለድ፣ በየማታው ሲታረም መስማት፣ ለዓመታት መደጋገም ከተሰጥኦው ጋር አብሮ ነበር።

ቅኔ ቤት አንድ መጥፎ አቋራጭ ደግሞ ነበረው፤ አብሾ። ከአጤ ፋሪስ የሚዘጋጅ መጠጥ ነው። አእምሮ ይከፍታል፣ የተነገረውን ሁሉ አይረሳም እየተባለ ስንት ልጅ ጠጥቶት ለይቶለታል። ከአጤ ፋሪስ ውስጥ ያለው ስኮፖላሚን የሚባል ንጥረ ነገር የማስታወስ ችሎታን የሚያደክም መሆኑ በምርምር የታወቀ ነው፤ እንዲያውም ተመራማሪዎች መርሳትን ለማጥናት ሲፈልጉ ይጠቀሙበታል። እና እኛ ለማስታወስ የጠጣነው የሚያስረሳውን ነው። እኔ አልጠጣሁም። ድፍረት ስላጣሁ እንጂ አውቄ አይደለም።

ቅኔ ቤት ግን ጥሩ የስድ ንባብ ጸሐፊ ያወጣል ወይ? እዚህ ላይ ከብዙ ወዳጆቼ ጋር አልስማማም። ቅኔ መደበቅ ነው፤ ሰሙን አቅርቦ ወርቁን ይሰውራል፤ ሰሚው ፈልጎ እንዲያገኘው ይፈታተነዋል፤ ካላገኘው ጥፋቱ የሰሚው ነው። ስድ ንባብ ላይ ጥፋቱ የጸሐፊው ነው። ከቅኔ ቤት ወጥቶ ጋዜጣ ላይ የሚጽፍ ብዙ ሰው ይህ ልዩነት አልገባውም፤ አንባቢው ሳይገባው ሲቀር «ጥልቅ ነው» የሚባልለት እርሱ ነው። የተሳካላቸውን ስናይ አንድ ነገር አድርገዋል። ሐዲስ ዓለማየሁ ጎጃም ቅኔ የተማሩ ናቸው፤ በ1958 የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያለው በዛብህም የቅኔ ተማሪ ነው። መጽሐፉ ግን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው፣ ፊደል ያልቆጠረው ሰው ሳይቀር ሬዲዮ ያለው ጎረቤት ቤት ተሰብስቦ የሰማው ነው። ቅኔውን የሚያውቁት ሐዲስ ቅኔውን አንባቢ ላይ አልጫኑበትም። ከቅኔ የወሰዱት የቃል ምርጫውን ነው፤ ድብብቆሹን ትተውታል።

ሊቅነትን ትቶ ለአንባቢ ግልጽ አድርጎ መጻፍ ለቋራ ሰው የቆየ ታሪክ አለው። የቋራው ካሣ ኃይሉ በ1847 ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ከእርሳቸው በፊት የነገሥታቱ ዜና መዋዕል በግእዝ ነበር የሚጻፈው፤ የእርሳቸው ታሪክ ግን በአማርኛ ተጻፈ። ከጻፉት አንዱ ደብተራ ዘነብ ነው፤ ጀርመናዊው ኤኖ ሊትማን እ.ኤ.አ. በ1902 አሳትሞታል። ዘነብ ግእዝ ሳያውቅ ቀርቶ አማርኛ የመረጠ ሰው አይደለም። የቤተ ክህነት ሰው ነው፤ «መጽሐፈ ጨዋታ ሥጋዊ ወመንፈሳዊ»ን የጻፈም እርሱ ነው። ሊቅነቱን ማሳየት ከፈለገ ግእዙ ነበረለት። ንጉሡም ለውጭ ነገሥታት የጻፉትን ደብዳቤ ያየ ሰው ይረዳዋል፤ በ1855 ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩትን ዛሬ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ብዙ ሳይቸገር ያነበዋል። ንጉሡ መልስ ሳያገኙ ከዓመት በላይ ጠበቁ። ጥሩ ጽሑፍ አንባቢውን እንዲመልስ አያስገድደውም፤ አልገባኝም እንዲል ግን ምክንያት አይሰጠውም።

ማመልከቻ መጻፍ የጀመርኩት የጡረታው ገንዘብ ስለማይበቃ ነው፤ ከማስተማር የማይተናነስ ነገር አሳየኝ። ከዚያም በፊት፣ ድሮ ሞባይል ሳይገባ ከጎጃምና ከደጋው ጎንደር የሚወርዱት ሠራተኞች ደብዳቤ ያስጽፉኝ ነበር። ልጁ ወባ እያንቀጠቀጠው «ደህና ነኝ በላቸው» ይለኛል። እናቱ ግን ማወቅ የምትፈልገው ሌላ ነው፤ መቼ ትመጣለህ፣ ገንዘቡን ያዝክ ወይ፣ አብሮህ የወረደው የጎረቤት ልጅ የት ደረሰ። ስለዚህ እየጠየቅሁ እጽፋለሁ። ዛሬ ደግሞ የመሬት ወሰን ክርክር ያለበት ገበሬ ይመጣና ከአያቱ ይጀምራል። እሰማዋለሁ፤ መስማቱም ይገባዋል። ከዚያ «ዳኛው ምን እንዲወስንልህ ነው የምትፈልገው?» እለዋለሁ። ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። መልሱ ሲገኝ ጽሑፉ አለቀ ማለት ነው፦ ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ መቼ፣ የትኛው ወሰን፣ ማን አይቷል፣ የሚጠየቀው ዳኝነት። ከዩኒቨርሲቲ በጥሩ ውጤት የተመረቁ ወጣቶች ጽፈው ያመጡትን አንብቤአለሁ። አምስት ገጽ ነው፤ «ከዚህም በተጨማሪ» አሥር ጊዜ አለበት፤ ሰውየው የሚጠይቀው ነገር አራተኛው ገጽ መካከል ተቀብሯል። ከእኔ ያነሰ አእምሮ ስላላቸው አይደለም፤ ብዙዎቹ ይበልጡኛል። ማንም ፊታቸው ቁጭ ብሎ «ይህ አልገባኝም» ብሏቸው አያውቅም፤ እኔን ግን ዳኛው በየሳምንቱ ይለኛል።

በዓሉ ግርማንም በዚህ ዓይን ነው የማየው። ኢሉባቦር ሱጴ ተወልዶ አዲስ አበባ ደርሶ መጽሔትና ጋዜጣ ያዘጋጀ ሰው ነው፤ «አዲስ ዘመን»ንም መርቷል። «ኦሮማይ» በተባለው ልብ ወለዱ ላይ ያለው አጭር፣ ፈጣን ዓረፍተ ነገር ከሰማይ አልወረደም። ማተሚያ ቤት እየጠበቀ፣ ቦታ እየጠበበ፣ ነገ ጠዋት የሚያነብ ሰው እያለ የተሠራ እጅ ነው። ተሰጥኦው ባይኖር ኖሮ ጋዜጣው ብቻውን በዓሉን ባላወጣው ነበር፤ እሱን አልክድም። በየጋዜጣው ስንት ሰው ሠርቶ አንድ በዓሉ ነው ያለን።

እንግዲህ ወላጆቹን የምመልስላቸው እንዲህ ነው። የልጃችሁ ጭንቅላት ለጽሑፍ ያስፈልገዋል፤ ሐሳብ ሳይኖር የሚጻፍ የለምና። ግን ከተወሰነ በላይ ሲሆን ልዩነቱን የሚያመጣው ሌላ ነው፤ ያነበበው መጠን፣ የሰረዘው መጠን፣ የሚያነብለት ሰው መኖሩ። ልጁ ሒሳብ የቻለው በየቀኑ ገበያ ላይ ስለሚሠራውና ሲሳሳት ነጋዴው ወዲያው ስለሚጮህበት ጭምር ነው። ድርሰቱን ሲሳሳት ማን ይጮህበታል? አንድ ክፍል ውስጥ ከስድሳ በላይ ደብተር የሚያርም መምህር ከቀዩ «ራይት» በቀር ምን የሚጽፍበት ጊዜ አለው? ያቺ የጉሙዝ ልጅ እንኳ ያን አንድ ገጽ የጻፈችው ጥያቄው ውስጥ አንድ የደጋ ሰው ስላስቀመጥኩላት ነው። «ስለ ሰሊጥ ድርሰት ጻፉ» ብል ኖሮ እርስዋም ሦስት መስመር ነበር የምትሰጠኝ።

አሁን ፈተናውን ተመልከቱ። በ2015 ከ840 ሺህ በላይ ተማሪ የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ወስዶ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 27,267 ብቻ መሆኑ ሲነገር አገር ተንጫጫ። እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነው። ያ ፈተና ውስጥ «ስኮላስቲክ አፕቲቲዩድ» የሚባል፣ የቢኔ የልጅ ልጅ የሆነ የአእምሮ መለኪያ አለ። ተማሪው በራሱ ቃል የሚጽፈው አንድ አንቀጽ ግን የለም፤ ወይ በእርሳስ ማጥቆር ነው፣ ወይ ኮምፒዩተር ላይ ፊደል መጫን። ተማሪ የሚያጠናው የሚፈተነውን ነው፤ መምህርም የሚያስተምረው እንደዚያው። ያን ያህል ብዛት ያለው ድርሰት ማን ያርማል ይባላል። ኬንያ በአራተኛ ፎርም ማጠናቀቂያ ፈተናዋ ተማሪዎችዋን በእንግሊዝኛም በስዋሂሊም ድርሰት ታስጽፋለች፤ የተፈታኞችዋም ቁጥር ከእኛ አያንስም፤ መምህራን ተሰብስበው በእጃቸው ያርሙታል። እኛም አንድ ገጽ ብቻ እናስገባ። ትምህርት ሚኒስቴር አራሚ ካጣ፣ ከገለጉ አንድ ጡረተኛ ተመዝግቧል በሉልኝ።